የቮልስ ፍሬን በጣና ዳር፦ ሸራው ሳያልቅ የሚያልቅ ፍሬን

ባሕር ዳር ላይ ቆሞ የከረመ ቮልስ ፍሬኑ ሲደክም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚገዛው ሸራ፣ ማለትም ጎማውን ፈግፍጎ የሚያቆመው ልባስ ነው። ብዙ ጊዜ ብሩ ለከንቱ ይሄዳል። ከተማዋ ሜዳ ናት። ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ቢመላለሱባት ሸራ የሚጨርስ ቁልቁለት የላትም። እዚህ ፍሬን የሚገድለው እርጥበት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ የመምጠጥ ጠባይ አለው። በዘይት ማጠራቀሚያው ዕቃ ክዳን ትንሽ ቀዳዳና በላስቲክ ቱቦዎቹ ግድግዳ ሳይቀር ይስባል። መኪናው ከሰኔ እስከ መስከረም ከሐይቁ አጠገብ ሲቆም ደግሞ የበለጠ ይስባል። ውሃ የጠጣው ዘይት ሳይንቀሳቀስ የሚተኛው ጎማው ጋ ባለው ሲሊንደር ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ ብረቱን ይበላል፤ የተበላው ብረት ጎሚኒውን፣ ማለትም ዘይቱን የሚገድበውን ላስቲክ ይቆርጣል፤ ከተቆረጠው ጎሚኒ የሚያፈስሰው ዘይት ገና ግማሹ ያላለቀ ሸራ ላይ ይንጠባጠባል። ሸራው የሚጣለው በመጨረሻ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከላይ ነው የጀመረው።

ከዚህ በታች የምጽፈው አራቱም ጎማዎቹ ላይ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሸራው ከውስጥ የሚይዘው የብረት ከበሮ) ስላለው የተለመደ ቮልስ ነው። ፊቱ ላይ ዲስክ ያለው ካላችሁ የኋላው ክፍል ይሠራላችኋል፤ የፊቱ ሥራ ሌላ ነው።

መለዋወጫ ከመግዛታችሁ በፊት ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን ዋና ሲሊንደር አጎንብሳችሁ እዩት። ከግራው የፊት ጎማ ኋላ፣ ከወለሉ ሥር፣ ከፔዳሉ ፊት ለፊት ታስሯል። ከላይ አንድ የዘይት መግቢያ ብቻ ካለው ባለ አንድ መስመር ነው፤ ሁለት ካለው ባለ ሁለት መስመር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ባለ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በባለ አንዱ አራት ጎማ ላይ ካሉት ቱቦዎችና ጎሚኒዎች አንዱ ከተበጠሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። በባለ ሁለቱ ፊቱ ወይም ኋላው ይተርፋል። ባለ አንድ መስመር መኪና ይዞ ወደ አዲስ አበባ ለመውረድ ለሚያስብ ሰው ምክሬ ማስተሩን ወደ ባለ ሁለት መቀየር ነው። የመኪናውን «ኦሪጅናልነት» የሚወዱ ሰዎች በዚህ ይከፋሉ። ይከፉ።

አሁን ሳትፈቱ ፔዳሉን ጠይቁት። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ቮልስ ፍሬኑን የሚያግዝ ቫኩም ስለሌለው እግራችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር ሁሉ እውነት ነው። እግራችሁ ሥር ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ውጭ ላይም ጠብታ ካልታየ፣ ማስተሩ በውስጡ እያሳለፈ ነው። እንደ ስፖንጅ ከተለጠጠ አየር አለ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ ሸራውና ታምቡሩ ተራርቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ ማስተካከያ ብቻ ይፈልጋል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ግን አልቆምም ካለ ሸራው ዘይት ጠጥቷል ወይም እንደ መስታወት አብረቅርቋል። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ መኪናው የሚሄድበት ጎን ሳይሆን ሌላኛው፣ አልይዝ ያለው ጎን ነው።

አንድ ጎማ ተረግጦ እንደቀረ ከሆነ ሌላ ፈተና አለ። ጎማውን በክሪክ አንሡና የአየር ማውጫውን ብሎን ትንሽ ላሉ። ዘይት ተፈናጥሮ ጎማው ከተለቀቀ፣ ግፊቱ ውስጥ ታስሮ ነበር ማለት ነው። ቀጥላችሁ ብሎኑን ዝጉ፣ እንደገና እርገጡ፣ አሁን ደግሞ ማስተሩ ጋ ያለውን የቱቦ ዳዶ ላሉ። እዚያ ሲላላ ጎማው ካልተለቀቀ ጥፋቱ የላስቲክ ቱቦው ነው። ያረጀ የላስቲክ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። እግር ሲገፋ ዘይቱ ያልፋል፤ ለመመለስ ግን ኃይል የለውም። እዚያ ሲላላ ጎማው ከተለቀቀ ግን ጥፋቱ ማስተሩ ወይም ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ነው።

ለሙሉ ሥራ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ አራት የጎማ ሲሊንደር ወይም የጎሚኒ ስብስብ፣ አራት የላስቲክ ቱቦ (ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ)፣ ማስተሩ ካስፈለገ እሱ፣ ከዕቃው ወደ ማስተሩ የሚወርደው በክር የተሸመነ ቱቦ፣ ለኋላ ጎማ አዲስ ሹካ ሽቦ (ዳዶው እንዳይላላ የሚሰካው)፣ አንድ ሊትር ዶት 4 የሚባለው ደረጃ የፍሬን ዘይት። ሲሊንደር ስትገዙ በዓይን አትለኩ። መጠኑ እንደ መኪናው ዓመተ ምሕረትና እንደ ፊትና ኋላው ይለያያል። 17.46፣ 19.05 እና 22.2 ሚሊ ሜትር የምትሰሟቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም በአካሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የፊቱን ትልቅ ሲሊንደር ከኋላ ብታስሩ ኋላው ቀድሞ ይቆልፋል፣ በዝናብ ቀን መኪናው ይዞራል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ በሊትር እየተቀዳ የሚሸጠውን አትንኩ። ክዳኑ የተከፈተ ዘይት ባሕር ዳር ውስጥ መደርደሪያ ላይ ጥቂት ወራት ከቆየ ግማሽ አገልግሎቱን አጥቷል። ደረቅ ዶት 4 የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ደረጃው ራሱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። የዶት 3 ቁጥሮች 205 እና 140 ናቸው። ሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ጎሚኒዎቹ በአንድ ሌሊት እንደ ራሰ ባቄላ ያብጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ማስተሩም ሲሊንደሮቹም ቱቦዎቹም ሁሉ ይጣላሉ።

ከኋላ ጎማ ጀምሩ፤ አስቸጋሪው እሱ ነውና። መሃል ያለው ዳዶ 36 ቁጥር ነው፤ የሚፈታውም መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ማርሽ ውስጥ ገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ነው። በክሪክ ላይ ሳለ በረጅም ቱቦ የሚታገለው ሰው መኪናውን በላዩ ላይ ይጥላል። ሹካ ሽቦውን አውጡ፣ ዳዶውን ላሉ፣ ከዚያ መኪናውን አንሥታችሁ ጠንካራ መደገፊያ አግቡ። ድንጋይ ወይም ብሎኬት መደገፊያ አይደለም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ አትርሱ። በኋለኞቹ ሞዴሎች ከውስጥ በኩል፣ በቀደሙት ከታምቡሩ ፊት ባለው ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብታችሁ ኮከቦቹን፣ ማለትም ሸራውን የሚያስጠጉትን ባለ ጥርስ ማስተካከያዎች ወደ ኋላ መልሱ፤ ታምቡሩ በዳር ዳሩ ተበልቶ ከንፈር ሠርቶ ከሆነ ሸራው ካልጠበበ አይወጣም። ታምቡሩ ካልላቀቀ በመጎተቻ ሳቡት። ዳር ዳሩን በመዶሻ መምታት ቀላል ይመስላል፤ ታምቡሩ ግን ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት (ጊዛ) ስለሆነ ይሰነጠቃል።

የፊቱ ይቀላል፣ አንድ ወጥመድ ብቻ አለው። በግራው ጎማ የኩሽኔታ ክዳን መሃል የፍጥነት መለኪያው ሽቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ መጀመሪያ አውጡ፣ ያለዚያ ክዳኑን ስትነቅሉ ሽቦውን ትበጥሳላችሁ። ደግሞ የግራው የኩሽኔታ ዳዶ ጥርሱ በተቃራኒ የተቆረጠ ነው፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በቱቦ እያገዘ ሲያጠብቀው ይውላል።

ታምቡሩ ሲከፈት የሚወጣውን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ። በድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይኖራል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውሃና በሳሙና አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉ። ጋራዦቻችን ግን አሁንም ይነፋሉ፤ ቢያንስ እናንተ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ።

ውስጡ እርጥብ ከሆነ ምን እንደሆነ ለዩ። ጣታችሁን ነክራችሁ ውሃ አፍስሱበት፤ የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይታጠባል፣ የካምቢዮ ዘይት ግን እንደ ጠብታ ተጠቅልሎ ይቀራል፣ ሽታውም ድኝ ድኝ ይላል። ሁለተኛው ከሆነ የኋላ ዘንግ ማኅተም አርጅቷል፤ ሲሊንደር ብትቀይሩ አዲሱን ሸራ በሳምንቱ ታበላሻላችሁ። በምንም ዓይነት ዘይት የተነከረ ሸራ አይድንም። ቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት ማድረቅ የሚባለው ልማድ ላዩን ያደርቀዋል፤ ታምቡሩ ሲሞቅ ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል።

ሸራውንና ሞላዎቹን ስትፈቱ ሁልጊዜ አንድ ጎን ብቻ ፍቱ። ሌላው ሞላዎቹ የት እንደሚሰኩና የማስተካከያው ስንጥቅ ወዴት እንደሚያዘም የሚያሳይ ናሙና ሆኖ ይቆያል። ስልክ ያለው ፎቶ ያንሣ፤ ፎቶ ግን ሞላው ከፊት ይሁን ከኋላ የሚለውን አያሳይም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሲሊንደሩን ከነአቧራ ላስቲኩ አውርዱ፤ ፒስቶኖቹን አውጡ፤ ውስጡን በአልኮል እጠቡ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ጎሚኒውን ስለሚበሉ አይሆኑም። አሁን የትንሿን ጣት ጥፍር ከውስጥ ግድግዳው ላይ አሂዱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ቦታውን ተመልከቱ። መሃል ላይ ከሆነ፣ ጎሚኒዎቹ በማይደርሱበት፣ ብዙ አያሳስብም። ጎሚኒው የሚመላለስበት መንገድ ላይ ከሆነ ግን ሲሊንደሩ አልቋል። ብዙውን ጊዜ ጉድጓዱ የሚገኘው ከታች በኩል ነው። «በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን እንመልሰው» የሚለው ጥገና ለቀላል ዝገትና ለቀለም ለውጥ ብቻ ነው። ጉድጓድ እስኪጠፋ ስትፈገፍጉ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጎሚኒው ልል ይሆናል፣ ያን ጊዜ ማፍሰሱ ሳያንስ አየርም መሳብ ይጀምራል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ውስጡን ማስፋትም ያው ነው፤ ለሰፋው ቀዳዳ የሚሆን ጎሚኒ የለምና። ደህና ከሆነ አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ የፍሬን ዘይት አርጥባችሁ ከንፈሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ እንዲመለከት አግቡት። ግራሶ አትቀቡ። የኮከብ ማስተካከያዎቹን ጥርስ ግን አውጥታችሁ በሽቦ ብሩሽ ካጸዳችሁ በኋላ ሙቀት የሚችል ግራሶ በጥቂቱ ቀቡ፤ ሲዝጉ የሚነክሱት እነሱ ናቸው።

የላስቲክ ቱቦዎቹን አራቱንም ቀይሩ፤ አንዱ ካረጀ እኩዮቹም አርጅተዋል። ስታስሩ እንዳይጠማዘዙ፣ መሪው ዳር ሲደርስም ጎማው እንዳይነካቸው አስተውሉ። የብረት ቱቦው ከዛገ የፍሪጅ መዳብ ቱቦ አትተኩበት። ለስላሳ መዳብ በንዝረት ይደርቅና ዳዶው ሥር ይሰነጠቃል። ትክክለኛው ዲያሜትሩ 4.75 ሚሊ ሜትር የሆነ የፍሬን ቱቦ ነው፤ ዳዶው ብዙ ጊዜ 11 ቁጥር ቁልፍ ይቀበላል። ተራ ቁልፍ ጥጉን ስለሚያጠፋው ተሰንጥቆ የሚያቅፈውን የቱቦ ቁልፍ ተጠቀሙ።

ማስተሩን ከቀየራችሁ በ13 ቁጥር የሚፈቱ ሁለት ብሎኖች አሉት። የፍሬን መብራት ማብሪያው ማስተሩ ላይ ስለሚታሰር እሱም የሚያፈስስ መሆኑን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ «ማስተሩ ያፈሳል» የሚባለው እሱ ነው። ሁሉ ከታሰረ በኋላ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ጫፍና የማስተሩ ፒስቶን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ፔዳሉ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ባዶ እንቅስቃሴ ሆኖ ይታያል። ይህን ክፍተት መናቅ ብዙ አዲስ ሥራ አበላሽቷል። ማስተሩ ውስጥ የሞቀ ዘይት ወደ ዕቃው የሚመለስባት እንደ መርፌ የቀጠነች ቀዳዳ አለች፤ ዘንጉ ፒስቶኑን ትንሽ ገፍቶ ከያዘው ቀዳዳዋ ትዘጋለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ የለውም፣ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው የበለጠ ያሞቀዋል። መኪናው ከቤት ሲወጣ ደህና ነበር፤ አሥር ኪሎ ሜትር ሳይሄድ አራቱም ጎማ ይነድዳል።

ስለ ሸራው ባጭሩ፦ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከቀጠነ ይለወጥ። በሪቬት የተለበጠ ከሆነ የሪቬቱ ራስ ከሸራው ገጽ ጠልቆ መግባት አለበት። የኋላው ታምቡር ሲፈጠር 230 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቶርኖ ሲመታ ከ231.5 እንዳያልፍ። የፊቱም ሆነ የኋላው ግራና ቀኝ ታምቡር እኩል ይቆረጥ፤ አንዱ ብቻ ከተቆረጠ መኪናው ይጎትታል።

የኋላውን ዳዶ ስትመልሱ ኃይሉ ከሌላው ብሎን ሁሉ ይበልጣል፤ ወደ 294 ኒውተን ሜትር። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ ከዳዶው መሃል ልክ አንድ ሜትር የሚርቅ ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ የሚመዝን ኃይል ማለት ነው። የሹካ ሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት አጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አትመልሱ። ይህ ዳዶ ሲላላ የታምቡሩ ውስጥ ጥርስ ይበላል፣ መጀመሪያ መነሻ ላይ «ቋ» ይላል፣ ኋላ ታምቡሩና ዘንጉ ይለያያሉ፣ ያን ጊዜ የኋላ ጎማ ፍሬንም ጉልበትም የለውም። የፊት ኩሽኔታ ዳዶ ግን በተቃራኒው ለስላሳ እጅ ይፈልጋል፤ ታምቡሩን እያዞራችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለው ሮንዴላ በካቻቪቴ ጫፍ ሲገፋ በጭንቅ እስኪንቀሳቀስ ድረስ መልሱ።

አየር ከማውጣት በፊት ሸራውን አስጠጉ፤ የራቀ ሸራ አየር የሌለውን ፍሬን አየር ያለበት ያስመስላል። በየጎማው ሁለት ኮከብ አለ፤ የሚዞሩበትም አቅጣጫ እርስ በርሱ ተቃራኒ ነው። አንዱን ጎማው እስኪቆም አጥብቃችሁ ፔዳሉን እርገጡ፤ ሸራው መሃል ይገባል። እንደገና አጥብቁ፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ጥርስ መልሱ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

አየሩ ከሩቅ ወደ ቅርብ ይወጣል፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የአየር ማውጫው ብሎን ብዙ ጊዜ 7 ቁጥር ነው። ግልጽ ቱቦ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ንጹሕ ዘይት ባለበት የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ንከሩ። አንዱ ይረግጣል፣ «ያዝ» ይላል ሌላው፣ ይላላል፣ ይዘጋል፣ «ልቀቅ» ይላል። ትልቁ ስሕተት ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ ነው። አሮጌ ማስተር ፒስቶኑ በየቀኑ የሚደርስበት ቦታ ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ያልተነካ ዝገት አለ። እስከ ታች ሲረገጥ ጎሚኒው በዝገቱ ላይ ተጎትቶ ይቆረጣል፣ ትናንት ደህና የነበረው ማስተር ዛሬ ያሳልፋል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አኑሩ። ዕቃው ውስጥ ያለውን ዘይት በየሁለት ጎማው ሙሉ፤ አንዴ ከጎደለ ሥራው ከመጀመሪያው ነው። ቀለም ላይ የተንጠባጠበውን ወዲያው በውሃ እጠቡ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

የእጅ ፍሬኑ የሚስተካከለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከማንሻው ሥር ያሉትን ሁለት ካቮዎች እኩል አጥብቁ፤ በሁለተኛው ጥርስ ጎማው መቋቋም እንዲጀምር፣ በአራተኛው እንዲቆም። በጎማው ኮከብ መስተካከል ያለበትን በካቮ ለማካካስ መሞከር ፍሬኑን ግማሽ ተይዞ ያስቀረዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ ግቢ ውስጥ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው፤ ባጃጅና ብስክሌት በሞላበት መንገድ አይደለም። ከዚያ ቀስ እያላችሁ 20 ወይም 30 ጊዜ ከመካከለኛ ፍጥነት በለስላሳው አቁሙት፤ በየመሃሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት። አዲስ ሸራ ሳይላመድ በኃይል ከተረገጠ ይብረቀረቃል። ለቁልቁለት ሙከራ ባሕር ዳር ያላት ጥሩ ቦታ የቤዛዊት ኮረብታ ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱና የጎማዎቹን መሃል በእጅ ጀርባ አስጠግታችሁ አወዳድሩ። ከአራቱ አንዱ ለብቻው የሚጋረፍ ከሆነ አልተለቀቀም፤ ለብቻው የቀዘቀዘ ከሆነ አልሠራም።

የዓባይ በረሃ ግን ቤዛዊት አይደለም። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ታምቡሩ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ስለዚህ ፔዳሉ ዝቅ ይላል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ውሃ የጠጣው ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ሲፈላ ነው፤ እንፋሎት ይጨመቃልና ፔዳሉ ወለል ይነካል። የሚያታልለውም ሲቀዘቅዝ ራሱን መመለሱ ነው። ጎሐ ጽዮን ደርሶ መካኒክ ቢያየው አንዳች ነገር አያገኝም፤ ባለቤቱም «ነገሩ አልፏል» ብሎ ይቀጥላል። እንዲህ የሆነ መኪና ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ደረቅ ዘይት ቢኖርም ገደሉ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬኑ ረግጦ ለመልቀቅ እንጂ ተረግጦ ለመቆየት አይደለም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የተለመደ ነው። ለጣና ዳር መኪና ግን በየዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ እንደወጣ እላለሁ፤ ግማሽ ሊትር ነው የሚፈጀው።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮከቦቹን እንደገና አስጠጉ፣ የኋላውንም ዳዶ እንደገና ፈትሹ። በክረምት ደግሞ መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ አትተዉት፤ ሸራው ታምቡሩ ላይ ይዝጋል፣ ስትነሡም ሸራው ከብረቱ ተላቅቆ ይቀራል። አንደኛ ማርሽ አግቡና ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፉ፤ ድንጋዩን ሳታነሡም አትንዱ።